ወንድሜ ለብቻው የበላበት ክረምት

ልጅ ሳለሁ እናቴ ተረት የምትነግረን ገንፎ እያገነፋች ነበር። ሌላ ጊዜ አልነበራትም። ቀን ቀን ሰሊጥ ማሳ ላይ ናት፤ ወይ ውኃ ወርዳለች፤ ወይ እንጨት ለቅማ አልተመለሰችም። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ጉልቻው አጠገብ ትቀመጥና ማማሰያውን በሁለት እጇ ይዛ የማሽላውን ዱቄት እያማሰለች ትጀምራለች። የአባሎ እንጨት ጭስ ዓይን ያቃጥላል፤ ኩራዟ ምሰሶው ላይ ተንጠልጥላ ትንሽ ታበራለች፤ ፍሙ ሲናድ የእናቴ ፊት ይቀላና መልሶ ይጠቁራል። ተረቱ የሚያልቀው ገንፎው ሲደርስ ነው። እንጨቱ ደረቅ ከሆነ ፍየሏ ከጅብ ቶሎ ታመልጣለች፤ እርጥብ ከሆነ ግን ምስኪኗ ስትሮጥ ታመሻለች።

ሰዓት አልነበረንም። እናቴ ድስቱን የምትለካው በጸሎት ነበር። ወይካው፣ ማለት ደርቆ የተወቀጠው ባምያ፣ ውኃው ላይ ከተነሰነሰ በኋላ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ደግማ ታወርደዋለች፤ ለምስር ግን ዳዊት ቢኖራት ዳዊት ትደግም ነበር። «ያለ ጸሎት የተማሰለ ይጓጉላል» ትል ነበር። ያኔ እውነት ይመስለኝ ነበር። አሁንም ሐሰት ነው ለማለት አልደፍርም።

ቤታችን ከሽንፋ ወንዝ ማዶ ነበር። አባታችን ከደጋ ይዞን ወርዶ፣ ጫካ መንጥሮ ማሳ እንዳወጣ ብዙም ሳይቆይ ወባ ገደለው። የቀረነው እናቴ ይታይሽ፣ ታላቅ ወንድሜ አበጀና እኔ ነን። አበጀ ያኔ ጢሙ ገና ያቀመቀመ ጎረምሳ ነበር። አንድ ዓመት አጨዳ ሲደርስ እንደ ብዙዎቹ የቆላው ልጆች ድንበር ተሻግሮ ወደ ገዳሪፍ ለቀን ሥራ ሄደ። አጭዶ ይመለሳል ተብሎ ነበር። አጨዳው አለፈ፤ ገና አለፈ፤ ፋሲካም ያለ እሱ ተፈሰከ። እናቴ ስለ እሱ ማውራት አቆመች። ሰው ሲጠይቃት «አለ» ትላለች፤ ሌላ ምንም አትጨምርም።

የመጣው የሐዋርያት ጾም በተፈታ ሰሞን ነው፤ ወንዙ ሞልቶ መንገዱን ሳይዘጋው ባለፈው በመጨረሻው የጭነት መኪና። ጀላቢያ ለብሶ ነበር፤ ጀላቢያው ግን ሸንበቆ ላይ የተሰቀለ ይመስል ነበር፣ እንዲያ ከስቶ። እናቴ አላለቀሰችም። ጉንጩን ግራና ቀኝ ሳመችው፤ እንደገና ሳመችው፤ ከዚያም ወጥታ ዶሮ ማባረር ጀመረች።

በኛ ዘንድ ሴት አታርድም። አባት ከሌለ በስመ አብ ብሎ ባርኮ የሚያርደው የቤቱ ትልቅ ወንድ ልጅ ነው። አበጀ በሌለበት ጊዜ እናቴ ለአንዲት ዶሮ ጎረቤት ልመና ትሄድ ነበር። ያን ቀን የራሷ አራጅ መጥቶላታል። ዶሮዋን በክንፏ ይዛ ቢላዋውን በእጀታው በኩል አቀረበችለት።

«በል የኔ ጌታ፣ ባርክልን።»

ቢላዋውን ተቀበለ። ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዞረ። ከዚያ ዝም ብሎ ቆመ። ዶሮዋ በእናቴ እጅ ትንፈራገጣለች።

«ምነው? ረሳኸው እንዴ?»

«አልረሳሁትም።»

«ታዲያ አርጅታ እስክትሞት ነው የምትጠብቃት?»

«እማዬ፣ እኔ መባረክ አልችልም» አለ፣ ዓይኑን ከቢላዋው ላይ ሳያነሣ። «እዚያ ሥጋቸውን በልቻለሁ።»

ለማያውቅ አንባቢ ልናገር። በአገራችን ክርስቲያኑ ክርስቲያን ያረደውን፣ ሙስሊሙም ሙስሊም ያረደውን ነው የሚበላ። ጎረቤት ነን፤ ሐዘን አብረን እንቀመጣለን፤ በሬ እንዋዋሳለን፤ ሥጋ ላይ ስንደርስ ግን እንለያለን። ይህን የተላለፈ ሰው የነፍስ አባቱ ንስሐ ሰጥቶት ጠበል እስኪረጭ ድረስ ከቤተሰቡ ጋር ከአንድ ገበታ አይበላም። እኛ የምናውቀው እንዲያ ነበር። የነፍስ አባታችን መምሬ ፈንታ ደግሞ ከወንዙ ወዲያ ኮኪት ነበሩ፤ ወንዙ እስኪጎድል ሰው አያሳልፍም።

አበጀ እዚያው ቆሞ ጥቂት ነገር ተናገረ። አጨዳ ላይ ወባ ጣለው። ጓደኞቹ ሥራው ሲያልቅ ወደየመንደራቸው ሄዱ። አንዲት ሱዳናዊት አሮጊት በአህያ ጭነው ቤታቸው ወሰዱትና በማንኪያ መረቅ እያጠጡ ነፍሱን መለሱለት።

«መጀመሪያ ምን እንደሆነ አላወቅሁም ነበር» አለ። «በኋላ ግን አወቅሁ። አውቄም ጠጣሁ።»

ያን የመጨረሻውን ባይናገረው ኖሮ ብዬ አስባለሁ አንዳንድ ጊዜ። ሳያውቅ ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር። አበጀ ግን እንዲያ ነበር፤ ሲናገር አያስቀርም።

«የሴትዮዋ ስም ማን ነው?» አለች እናቴ።

«ስማቸውን አላውቅም። ሃቦባ ነው የምላቸው። አያቴ እንደ ማለት ነው።»

«እግዜር ይስጣቸው» አለች። ከልቧ ነበር ያለችው፤ ድምፅዋን አውቀዋለሁ። ከዚያ ዶሮዋን ለቀቀቻትና ወደ ቤት ገብታ ከቆጡ ላይ የእትዬ ከዲጃን ሳህን አወረደች።

እትዬ ከዲጃ ጎረቤታችን ናት፤ ጨውና ስኳር፣ ጋዝና ሳሙና የምትሸጥ ሙስሊም ባለሱቅ። እኛ ቤት ስትመጣ ሽሮ ወይም ወይካ የምትበላበት፣ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ ነጭ ቆርቆሮ ሳህን ነበራት። የኛ ሥጋ ነክቶት አያውቅም፤ ታጥቦ፣ በጨርቅ ተሸፍኖ ይቀመጣል። እሷም ቤት ለኛ እንደዚሁ የተቀመጠ ነበር። እናቴ ለወንድሜ ያወረደችው ልታሳፍረው ብላ አይመስለኝም። ለብቻው የሚበላ ሰው ሳህን በቤታችን ያ ብቻ ነበር።

ወንድሜን በሩ አጠገብ ካለች ግንድ ላይ አስቀመጠችው። እሷና እኔ ጉልቻው አጠገብ ካለው ገበታ ቀረብን። ገንፎው አንድ ነው፤ ወይካውም አንድ ነው፤ ከአንድ ድስት የወጣ። እሷ ጸሎት አደረሰች፤ እሱም ከወዲያ ሆኖ አሜን አለ። ያኔ ምንም አልተሰማኝም። እንግዳ የመጣ ያህል ነበር።

በማግስቱ እትዬ ከዲጃ አበጀን እንኳን ደህና መጣህ ልትለው መጣች። በር ላይ ስትደርስ ሳህኗን እጁ ላይ አየችው።

«ይታይሽ! ሳህኔ!»

«ምን ላድርግ፣ ሌላ የለኝም» አለች እናቴ።

«አይ ጉድ! ልጁ እስላም አልሆነ፣ አንቺም ክርስቲያን አላልሽው፤ መሐል ላይ የተበላሁት እኔ ነኝ!» ብላ ሳቀች።

አበጀም ከመጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «አጥቤ እመልስልዎታለሁ፣ እትዬ ከዲጃ።»

«ተወው! አሁንማ ያንተ እጅ ገብቶበታል፣ ነገ ደግሞ ምን እንደሚገባበት ማን ያውቃል። ሌላ ገዝቼ አመጣለሁ። አንተ ብቻ ጠግበህ ብላበት፤ አጥንትህ ይቆጠራል።»

እናቴ አልሳቀችም። «ከዲጃ» አለቻት፣ «የአንቺ ልጅ የኛን በልቶ ቢመጣስ?»

የእትዬ ከዲጃ ሳቅ ቆመ። መቃኑን ተደግፋ ቆየች። «እኔማ ከአንቺ እብስ እንደሆን እንጂ አልሻልም» አለች። «አባቱ በአለንጋ ነው የሚቀበለው።» ልትሄድ ፊቷን ካዞረች በኋላ ደግሞ መለስ ብላ «ግን በር ላይ አላስቀምጠውም ነበር። ዝናቡ ይመታዋል» አለች።

እናቴ ማታውን ግንዱን ወደ ውስጥ ሳበችው። ትንሽ ነው የሳበችው።

ክረምቱ እንዲህ ቀጠለ። አበጀ ከኛ ጋር ማሽላ ያርማል፤ እንጨት ይፈልጣል፤ ማታ ሳህኑን ተቀብሎ ግንዱ ላይ ይቀመጣል። ቂም የያዘ አይመስልም። ምንም የያዘ አይመስልም። አንድ ቀን ከአረም ስንመለስ ለእናቴ እንደ ቀልድ አድርጎ ነገራት።

«ወንዙ ሲጎድል እመለሳለሁ።»

«ወዴት?»

«ወዲያ። እዚያ ከሰው ጋር ነው የምበላ።»

«መምሬ ይመጣሉ እኮ» አለች እናቴ።

«ይምጡ። እሳቸውን ያሳለፈ ወንዝ መኪናውንም ያሳልፋል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ውኃ ስትወርድ ወንዙ ዳር ቆማ ትቆይ ነበር። እንዲጎድል ትፈልግ እንደሆን ወይም እንዳይጎድል፣ ያኔ አላውቅም ነበር፤ እሷም የምታውቅ አይመስለኝም። መምሬ ይመጡ ዘንድ ውኃው መውረድ አለበት፤ ውኃው ከወረደ ደግሞ ልጇ ይሄዳል።

ከነዚያ ማታዎች በአንዱ የጅግራዋን ተረት ንገሪኝ አልኋት። የምወደው እሱን ነበር። እሷም ምንም ሳታስብ፣ ዱቄቱን እየነሰነሰች ጀመረች። ጅግራ ወንዝ ዳር ጫጩቶች ነበሯት። አንዱን ጫጩት ጎርፍ ወሰደው። ወዲያ ማዶ ያለች ቆቅ አነሣችውና ከልጆቿ ጋር አሳደገችው። ጎርፉ ሲጎድል ጫጩቱ እናቱን ፍለጋ ተሻገረ። ጎጆዋ ሲደርስ ወንድሞቹ «ሂድ፣ አንተ ቆቅ ቆቅ ትሸታለህ» አሉት። እናቲቱም ቀና ብላ አየችው።

እዚህ ስትደርስ ማማሰያው ቆመ።

«ከዚያስ?» አልሁ።

«ከዚያማ… ገንፎው ደረሰ።»

ገንፎው አልደረሰም ነበር። ዱቄቱ ከላይ ነጭ ሆኖ ይታይ ነበር።

«ክንፏን አነሣችለት» አለ አበጀ፣ ከግንዱ ላይ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። «‹ዝናብ መጥቷል፣ መጀመሪያ ግባ፤ ሽታውን በኋላ እንነጋገርበታለን› አለችው። ለኔም ነግረሽኛል እኮ፣ ልጅ ሳለሁ።»

እናቴ መልሳ ማማሰል ጀመረች፤ ሲጓጉልባት ያየሁት ያን ማታ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ተረት አልነገረችንም። እኔም አልጠየቅሁም። ማታ ማታ የምንሰማው የዝናቡንና የድስቱን ድምፅ ነበር።

ነሐሴ ገባ፤ ፍልሰታ ሆነ። በፍልሰታ እናቴ ሰሊጥ ታምሳለች፤ ትወቅጣለች፤ በውኃ በጥብጣ ታጠልለውና በማሽላ እንጀራ ላይ አፍስሳ ትፈተፍተዋለች፤ ቃሪያ ጣል ታደርግበታለች። የዓመቱ የመጨረሻ ሰሊጥ ነበር፤ አዲሱ ገና በማሳ ላይ ነው። ጾሙ በተጋመሰ በአንዱ ቀን፣ ወደ ማታ፣ እንደ ወትሮው ለአበጀ በሳህኑ አድርጋ ሰጠችው፤ ለእኔና ለእሷም ገበታው ላይ አቀረበች። ጸሎት አደረሰች። እኔ እጄን ሰደድሁ። እሷ ግን አልተቀመጠችም። ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ሄደችና ከአበጀ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ እጇንም ሳህኑ ውስጥ አገባች።

አበጀ ሳህኑን ወደ ራሱ ሳበ። «እማዬ ተይ!»

«አምጣው።»

«መምሬ ምን ይሉሻል?»

«የሚሉኝን ሲመጡ ይሉኛል። አምጣው አልሁህ።»

«ሰፈሩስ? ማኅበርተኞችሽ?»

«አንተ ልጅ፣ ልብላበት!»

ሳህኑን ለቀቀላት። በላች። እኔ ተነሥቼ ልከተላት ስል ሳትዞር እጇን ዘረጋችብኝ።

«አንተ አትምጣ። እዚያው ብላ።»

ስለዚህ እዚያው በላሁ። በገበታው ላይ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርሁ። እነሱ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ይበላሉ፤ አይነጋገሩም። የሁለት ሰው እጅ ቆርቆሮ ሳህን ላይ ሲጫር ይሰማኛል። ከሁላችንም ንጹሕ እኔ ነበርሁ እንግዲህ። ያኔ ምን እንደተሰማኝ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄ ምንም አላገኘሁም።

ከዚያ ዕለት ጀምሮ እንዲያ ሆነ፤ እነሱ በሳህን፣ እኔ በገበታ። በነሐሴ የማርያም ማኅበር ተራው የእናቴ ነበር። ጠላው ተጠምቆ፣ ጌሾው ቤቱን አሽትቶት፣ ለማኅበሩ እናት «ዘንድሮ ጽዋዬን ለሌላ አሳልፉልኝ» ብላ ላከችባቸው። ምክንያቱን አልሸሸገችም። ሴቶቹ ጠላውን ሊወስዱ አልመጡም። እናቴ ለቀን ሠራተኞች በዋንጫ በዋንጫ እየቀዳች ሰጠችው፤ ከነሱ መሐል «እመቤቴ ታብዛልሽ፣ ምን ደርሶ ነው?» ያለ ነበር። «ክረምት ደርሶ» አለችው።

መስቀል ሲቃረብ ወንዙ ጎደለ። መምሬ ፈንታ ልብሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ መቋሚያቸውን ጭቃ ውስጥ እየተከሉ መጡ። ንስሐ የምስጢር ነገር ነው፤ ከዚያ የሰማሁት የለም። የሰማሁት ከዚያ በፊት በር ላይ የተባለውን ነው። አበጀ ጉልበታቸውን ስሞ ነገሩን ሁሉ ነገራቸው። እናቴ ከኋላው ቆማ ነበር።

«መምሬ፣ እኔም አለሁ» አለች።

«አንቺ ደግሞ ምን ሆንሽ?»

«ከሱ ሳህን በላሁ።»

«ሥጋ ነበረበት?»

«ሰሊጥ ነው። ፍልሰታ ነበር።»

መምሬ ጭቃውን ከእግራቸው መጥረግ ትተው ቀና ብለው አዩዋት። «ታዲያ ሰሊጥ ምን ይልሻል?»

«ሰሊጥ ምንም ካላለኝ፣ ይኸንን ልጅ ክረምቱን ሙሉ ለብቻው ያበላሁት በምን ነው?»

«ሥርዓት ነዋ።»

«ሥርዓቱን አልነቀፍሁም፣ አባቴ። የሱን ንስሐ ስጡኝ ነው ያልሁ።»

መምሬ ደክሟቸዋል፤ እርጥብ ናቸው፤ ገና ሌላ ቤት ይጠብቃቸዋል። በመጨረሻ «ለሁለታችሁም አንድ ይሁን» አሉና ገቡ።

ጠበል ረጯቸው። ስግደት አዘዙላቸው። ማታ ማታ እናቴና ወንድሜ ጎን ለጎን ሆነው ወደ ምሥራቅ ይሰግዱ ነበር፤ እሷ ቶሎ ይደክማታል፤ ሲደክማት እሱ ቆም ይልላታል፤ ከዚያ አብረው ይቀጥላሉ። በነዚያ ቀናት ወደ ገዳሪፍ የሚያልፈው መኪና እትዬ ከዲጃ ሱቅ ፊት ቆሞ ጡሩምባውን ነፋ። የአበጀ ጓዝ ተጠቅልሎ በሩ አጠገብ ነበር። አበጀ ወደ ጓዙ አየ፤ ወደ እናቴ አየ። እሷ ግንባሯን መሬት አስነክታ ነበር፤ ቀና አላለችም። ስግደቱ ሳያልቅ መኪናው ሄደ። ሌላም መኪና መጣ፤ በሱም አልሄደም። ለምን እንደቀረ ተናግሮ አያውቅም፤ የጠየቀውም የለም።

አበጀ እዚሁ አገር ኖረ። ኮኪት ላይ ማሳ ያዘ፣ አገባ፣ ወለደ፣ አረጀ። አምና ቀበርነው። በቀብሩ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ የጉድጓዱ ጠርዝ እንዳይናድ እየተጨነቅሁ ሰዎችን ወደ ኋላ በሉ እል ነበር። ትዝ የሚለኝ እሱ ነው።

አሁን የምኖረው ገንዳ ውሃ ከልጄ ቤት ነው። በእነዚህ ዓመታት ከድንበሩ ወዲያ ሸሽተው የሚመጡ ሰዎች በበራችን ያልፋሉ። ልጄ ለአንዲት እናት ምግብ ልታወጣ ስትል «ወጡ የምንድን ነው?» ብዬ ቀድሜ ጠየቅሁ። «ሽሮ ነው አባዬ፤ አውቃለሁ፣ አትጨነቅ» አለችኝ። ሴትዮዋ በላች። ልጆቿም በሉ። የሆነ ቦታ ያሉ አንዲት አሮጊት፣ የአበጀ ሃቦባ፣ ይህን እንዲያውቁ ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን ያኔም አሮጊት ነበሩ።

እናቴን አንድ ጊዜ ጠይቄያታለሁ። እሷም አርጅታ፣ አበጀ ቤት ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ዓይኗ ደክሟል፤ ድንጋዩን በጣቷ ነው የምትለየው።

«እማዬ፣ ያን ጊዜ በፍልሰታ፣ ከአበጀ ሳህን ለምን በላሽ?»

«የቱን ፍልሰታ?»

«ከሱዳን የመጣ ጊዜ።»

ጣቷ ጥቂት ቆመ። አሰበች። እውነቱን ልትነግረኝ የምትፈልግ ሰው ፊት ነበራት።

«ርቦኝ ነዋ» አለች፤ ምስሯን መልቀም ቀጠለች።

ያቺን መልስ ይዤ እነሆ አርጅቻለሁ። ከነገረችን ተረቶች አብዛኞቹ ጠፍተውብኛል፤ የማን መጨረሻ የማን እንደሆነ እየተምታታብኝ ለልጅ ልጆቼ እንኳ አልነግርም፤ እንዳልሳሳት እፈራለሁ። ርቦኝ ነው ያለችውን ግን ደጋግሜ አገላብጬ አይቼዋለሁ። ውሸት ነው ማለት ይከብዳል፤ የክረምት መጨረሻ ነበር፤ ጎታው ባዶ ነበር፤ ሁላችንም ይርበን ነበር። ሆኖም ያን ዕለት ወደ ሳህኑ ስትሄድ እኔ ፊት የቀረው ገበታ ገና አልተነካም ነበር፤ የእሷ ድርሻም በላዩ ነበር።